መለከትና ጨው

ፖላንድ፣ ክራኮቭ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚደክመው አንገቱ ነው። በየሰዓቱ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ መለከት ሲነፋ አደባባዩ ሁሉ ያንጋጥጣል። ዜማው ታዲያ መሀል ላይ ቁርጥ! አፈ ታሪኩ፣ ጥንት የታታር ወራሪዎች ቀስት የነፊውን ጉሮሮ ወጋው ይላል። እርግቦቹ ግን ጉዳያቸውም አይደል፤ ዓይናቸው ከቱሪስቱ ዳቦ ላይ ነው።

ከከተማው ወጣ ሲሉ የቪየሊችካ የጨው ማዕድን አለ። በእንጨት ደረጃ ቁልቁል መዞር ነው፤ ጉልበት ከሰጠዎት ማለቴ ነው። 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች፣ ቆፋሪዎች ከጨው የፈለፈሉት የቅድስት ኪንጋ ቤተ ጸሎት ይገኛል። ወለሉ ጨው፣ ቅርጻ ቅርጹ ጨው፣ የመብራቱ ጌጥ ሳይቀር ጨው! ግድግዳውን በምላሱ ላስ የሚያደርግ ሽማግሌ ቢያዩ አይሳቁበት፤ ተራዎ ይደርሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ክራኮቭ፣ ቪየሊችካና የእኛው ላሊበላ አንድ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።