ሴኞር ሄብሬ! (ስለ ሜክሲኮ መኖሪያ ፈቃድ ለጠየቃችሁኝ)

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል፦ «ቲቸር፣ የሜክሲኮ መኖሪያ ፈቃድ እንዴት አገኙ?» አብዛኞቻችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ናችሁ። ደስ ይላል፣ አልረሳችሁኝም። ግማሾቻችሁ ደግሞ ለጥቂት ቀን ዝም ትሉና ሁለተኛዋን ጥያቄ ትልካላችሁ፦ «ከዚያስ መሻገር ይቻላል?»

ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ታነቡታላችሁ።

በቅድሚያ ሁለተኛዋን ጥያቄ ልመልስ። ይሄ ካርድ አሜሪካ አያስገባም። ሜክሲኮ ውስጥ ለመኖር ነው የሚሰጠው፣ አለቀ። እዚህ ታፓቹላ የምትባል በጓቲማላ ድንበር ያለች ከተማ አለች፤ ከብራዚል ተነስተው፣ ዳሪየን የሚባለውን ጫካ በእግር አቋርጠው እዚያ የደረሱ የእኛ ልጆች አግኝቼ አውቃለሁ። ያዩትን የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ያንን መንገድ የሚያሳጥር ዘዴ ከእኔ የሚጠብቅ ካለ፣ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው። ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ «ሬሲደንቴ ቴምፖራል» የሚሉት፣ በአብዛኛው በሦስት በር ነው የሚገባው። አንደኛው ገንዘብ ነው፦ የስድስት ወር ገቢህን ወይም የአሥራ ሁለት ወር የባንክ ተቀማጭህን ታሳያለህ። መጠኑ ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም፤ ደግሞም በዚህ በር የገባ ሰው ለብቻው ፈቃድ ካልጠየቀ እዚያ ሀገር ተቀጥሮ መሥራት አይችልም። ሁለተኛው ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው ሥራ፣ የእኔ በር። የሚቀጥርህ ድርጅት እዚያው ሜክሲኮ ላይ ባለ ኢሚግሬሽን መመዝገብ አለበት፤ እሱ ያመለክትልሃል፣ ሲፈቀድ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ አንተ ቁጥሯን ይዘህ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባለህ። «በቱሪስት ገብቼ እዚያው ልቀይረው» የምትሉ፣ ከቤተሰብ ጉዳይ በስተቀር በአብዛኛው አይሆንም። ከውጭ ነው የሚጀመረው።

እኔ የቀረብኩት አዲስ አበባ ባለው የሜክሲኮ ኤምባሲ ነበር፣ በ2021 መጨረሻ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የጠየቀችኝ ሴት ትሑት ነበረች። ምን እንደማስተምር፣ ደመወዜ ስንት እንደሆነ፣ ስፓኒሽ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ፣ ወረቀቶቹን እያስተካከለች፣ «ከዚያስ?» አለች። ልክ እንደ እናንተ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። «ከዚያ በየዓመቱ አሳድሳለሁ» አልኳት። ሳቀች።

ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቪዛ 180 ቀን ያገለግላል፤ በዚያ ውስጥ አንዴ ብቻ ትገባበታለህ። ከገባህ በኋላ ግን ያለህ 30 ቀን ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ቀርበህ ቪዛውን በካርድ ማስቀየር አለብህ። እነሱ «ካንሄ» ይሉታል፣ ልውውጥ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የተሸወድኩት። ባረፍኩበት አየር ማረፊያ የመግቢያ ወረቀቴ ላይ «30 ቀን» ተብሎ መጻፍ ሲገባው «180» ተጻፈ። ያ የጎብኚ መግቢያ ነው። እኔ ሆዬ፣ ቪዛው ላይም 180 የሚል ስላየሁ፣ ልክ መሰለኝ። እንዲያውም ቸርነት መስሎኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሳምንቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ። በጎብኚነት የገባ ሰው የሚለውጠው ካርድ የለውም። ፓስፖርቴን ይዤ ተመልሼ ሄጄ፣ ቪዛውን አሳይቼ፣ ግማሽ ቀን ጠብቄ ተስተካከለልኝ። ፈተና ላይ «መመሪያውን አንብቡ» እያልኩ ስጮህባችሁ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ እንግዲህ። ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት።

ካርድ ልቀይር የሄድኩ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጫለሁ። ጥበቃው እየወጣ ስም ይጠራል። «ሴኞር ሄብሬ!» ይላል፤ ዝም። «ሄብሬ!» ይደግማል፤ ማንም አይነሳም። «ምን ዓይነት ሰው ነው ደግሞ፣ ተራውን የሚያቃጥል» እያልኩ በሆዴ እታዘባለሁ። በመጨረሻ ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ አሳየኝ። ሄብሬ የተባለው ገብሬ ነው። አያቴ።

እኛ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው፤ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ ይታሰራሉ። በስፓኒሽ ደግሞ «ጂ» ከ«ኢ» ፊት ስትመጣ እንደ «ሀ» ነው የምትነበበው። እናም ነፍሱን ይማርና፣ ከሰላሌ ወጥቶ የማያውቀው አያቴ ገብሬ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ባንክ ሄብሬ ነኝ። ሐኪም ቤት ሄብሬ ነኝ። ተማሪዎቼ «ፕሮፌ ሄብሬ» ይሉኛል።

መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ፎርሜን አይቶ፣ «ሁለተኛው የቤተሰብ ስም የት አለ?» አለኝ። እዚህ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፦ የመጀመሪያው የአባት፣ ሁለተኛው የእናት። የለኝም አልኩት። «የእናትዎ?» አለ። እናት አለችኝ፣ ስሟ ግን ከስሜ ጋር አይሄድም፣ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው ብዬ በተሰባበረ ስፓኒሽ ላስረዳው ሞከርኩ። ራሱን ነቀነቀና ባዶውን አለፈው።

ባዶ ሆኖ ግን አልቀረም። እዚህ «ኩርፕ» የሚሉት 18 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ፤ ያለሱ ባንክም ሥራም የለም። ሲሠራ ከመጀመሪያው የቤተሰብ ስም ሁለት ፊደል፣ ከእናት አንድ፣ ከራስ ስም አንድ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ የትውልድ ቀን። ውጭ ሀገር የተወለደ መሆኔን የሚያሳዩ ሁለት ፊደላትም አሉበት። የእናት ስም ለሌለው ሰው በቦታው ኤክስ ይገባል። የእኔ ጂ፣ ኢ፣ ኤክስ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ልጁ ፈገግ አለና «እንደ ሜትሮው?» አለኝ። እዚህ ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፣ በሦስተኛው መስመር ላይ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን ሲወረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት ሀገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ጃንሆይም በ1954 እዚህ መጥተዋል። እኛም በበኩላችን አደባባይ ሰየምንላት፤ ስንት ዓመት ወያላ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ተጋፍቼ ታክሲ ገብቻለሁ። እዚያ ስጋፋ አንድ ቀን ከዋናዋ እደርሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ካርድ የአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ማሳደስ ይቻላል፤ በድምሩ ግን ከአራት ዓመት አያልፍም፤ አራቱ ሲሞላ ወደ ቋሚው ትዞራለህ። እድሳቱ ካርዱ ሊያበቃ 30 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ባሉት ቀናት ውስጥ መጀመር አለበት። የእኔ የሥራ ውል የዓመት ስለነበረ በየዓመቱ ነበር የማሳድሰው። መሥሪያ ቤት ወይም አድራሻ ከቀየራችሁ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ሲያሳድስ ቅጣት ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው እድሳቴ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ የእነሱ ገና መሐል ላይ ዋለ። የቀጣሪዬን ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ደብዳቤው ላይ የፈረመው ሰው መዝገቡ ላይ ካለው ኃላፊ ጋር አልተመሳሰለም፤ ኃላፊው ለበዓል ሄዷል፣ ምክትሉ ፈርሞ ሰጠኝ። አስተካክለህ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። መልስ ስጠብቅ የድሮው ካርድ ጊዜው አለፈ፣ እጄ ላይ አንዲት ደረሰኝ ብቻ ቀረች።

በዚህ መሐል፣ የ2015 ጥምቀት ዋዜማ በእኛ አቆጣጠር፣ እህቴ ደወለች። «እማዬ ወድቃ ሐኪም ቤት ናት፤ አትደንግጥ» አለችኝ። አትደንግጥ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው ካለ አሳዩኝ። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፣ ንግግሯም ይያያዛል።

እድሳት በሂደት ላይ እያለ ዝም ብለህ ከሀገር ከወጣህ ማመልከቻው ይቀራል። ሁሉንም ከዜሮ፣ ከኤምባሲው፣ ከቁጥሯ ትጀምራለህ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ የሚባል አለ፦ ምክንያትህን ጽፈህ፣ ከፍለህ ታመለክታለህ፣ ሲሰጥህ 60 ቀን አለህ። 61ኛው ቀን ላይ ከመጣህ የለህም።

በጥምቀት ማግስት ጠዋት መስኮቱ ጋ ነበርኩ። «ሄብሬ» የምትለዋን ገና «ሄ» ሲል ነው የተነሳሁት። በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ነበረች። ደብዳቤዬን እስከ ታች አነበበችውና «እናት?» አለችኝ። «እናት» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ማኅተሙን መታችና፣ ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት በጣቷ ቀኑን ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። ከዚያ እናትህን ይማርልህ የሚል ነገር አለችኝ፤ በስፓኒሽ ያኔ ሁሉንም አልያዝኩትም።

ያን ዕለት ማታ በኢስታንቡል በኩል በረርኩ። ይሄንንም እወቁት፦ በእኛ ፓስፖርት በአሜሪካ ለማለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ጀርመንና ፈረንሳይ የመሳሰሉትም አውሮፕላን ለመቀየር የኤርፖርት ቪዛ ይጠይቃሉ። አቋራጩ መንገድ ሁሉ ለእኛ ዝግ ነው፣ ዙሪያውን ነው የምንሄደው።

እማዬ ስታየኝ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ «መቼ ነው የምትሄደው?» አለች። 60 ቀን ብዬ ነገርኳት። እሷ በቁጥር አትሄድም። የወጣሁት ጥር 12፣ በሚካኤል ነው፤ ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ ልክ በመጋቢት ሚካኤል 60 ይሞላል። «ሁለተኛው ሚካኤል ሳይገባ ትሄዳለህ» ብላ ቆረጠች። እኔ ስልኬ ላይ እቆጥራለሁ፣ እሷ በየበዓሉ ትቆጥራለች። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲገባ «ልጄ እስከ መጋቢት ሚካኤል ነው» ትላለች፣ በተያያዘ አንደበቷ፣ እንደ ስለት። አንዳንድ ሌሊት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ካርዱ ቢቀርስ፣ ብቀርስ ብዬ አስብ ነበር። አንዴ ጮክ ብዬ ተናገርኩት መሰለኝ፤ በደህናው እጇ ጭኔን መታችኝ።

ስምንት ቀን ሲቀረኝ ሄድኩ። ያኔ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ማንኪያም ትይዛለች። በሩ ላይ ስስማት በጆሮዬ «አሁን ግን ተሻገር» አለችኝ። እሷም! ሁለት ወር ገደማ አብሬያት ከርሜ፣ ሜክሲኮ ነው የምኖረው፣ እዚያ ቤት አለኝ ብዬ ያስረዳኋትን ሁሉ ሰምታ፣ ለእሷ እኔ አሁንም መንገድ ላይ ነኝ።

የተመለስኩ ሳምንት ካርዴ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት እድሳቶች ስለማይነገርላቸው ልተዋቸው፤ ደብዳቤውን ኅዳር ላይ ማስፈረም ለመድኩ፣ ያው ነው። ዘንድሮ፣ ጥር 2026፣ አራት ዓመት ሞላኝና ቋሚውን ወሰድኩ። ክፍያው በዚሁ ዓመት እጥፍ ገደማ ሆኖ ጠበቀኝ፤ አሁን የአንድ ዓመቱ ጊዜያዊ ካርድ ራሱ ከ11 ሺህ ፔሶ በላይ ነው። እኔን ያየ ይቀጣ፤ በጀታችሁን በዚያ ልክ ያዙ። ቋሚው መታደስ የለበትም። በየታኅሣሡ የሚይዘኝ የሆድ ቁርጠት ግን ዘንድሮም መጥቶ ነበር፤ ሆዴ ገና አልሰማም።

ካርዱን በኢሞ ለእማዬ አሳየኋት። እህቴ ስልኩን ይዛላት፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ፎቶዬን አየች፣ ከሳህ አለች። ከዚያ ፊደላቱን ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ይሄ አያቴ ነው፣ ይሄ የተወለድኩበት ቀን ነው እያልኩ ነገርኳት።

«የእኔስ?»

ኤክሷን አሳየኋት። የእናት ቦታ እዚህ ጋ ነው፣ ስም ስላልነበረኝ ይሄን አደረጉበት አልኳት። ዝም ብላ አየችው።

«ኤክስማ ስሕተት ነው» አለች። «አንተ አይደለህ እንዴ አስተማሪው? አርምላቸው እንጂ።»

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኢንቦክሱን አልቻልኩትም።