እሑድ የሚያርፈው የጎልፍ ሜዳ

የጉዞ ወኪል ነኝ። ከሙያ ጓደኞቼ ጋር የስኮትላንድን የጎልፍ ሜዳዎች ልናይ፣ ከሆቴል ሰዎችም ልንተዋወቅ ሄድን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ “ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ለሀበሻ ቤተሰብ ምን ይዤ እመለሳለሁ?” እያልኩ ነበር።

ሴንት አንድሩስ የደረስነው እሑድ ነው። በስመ ጥሩው ኦልድ ኮርስ ላይ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩም አሉ። ለካ ሜዳው የሕዝብ ነው! እሑድ፣ ትልቅ ውድድር ከሌለ በቀር፣ ጨዋታ የለም፤ ማንም በነጻ ይዘዋወርበታል። በ1764 እ.ኤ.አ. ከ22 ወደ 18 ጉድጓድ ወርዶ ለዓለም ልማዱን ያወረሰው ይሄው ሜዳ ነው። ትንሿን የስዊልካን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሬ እኔም ፎቶ ተነሣሁ።

ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ እሑድን ምረጡ። አጠገቡ ሰፊ የባሕር ዳርቻ አለ። ምሳ ቋጥሩ፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነውና ጃኬት አትርሱ። ለሥራዬ ብዙ ቢዝነስ ካርድ ይዤ ተመለስኩ፤ ለእናንተ ግን ይሄን።