ማን አየ? ማን ሰማ?

ባለፈው ሰሞን አንዳንድ ወላጆች «መምህር፣ ልጆቻችን ስለ ኮሪያ ፊልም ያወራሉ፤ እርስዎም ያያሉ አሉን፤ ለመሆኑ ምን ይጠቅማቸዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለአንድና ለሁለት ሰው ብቻ ከምናገር ሁላችሁም እንድታነቡት በዚህች ጋዜጣችን ላይ ላሰፍረው ወደድሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

በመጀመሪያ ኮሪያ ለእኛ የሩቅ አገር ብቻ አይደለችም። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተሳፍሮ የመጣው እዚሁ ጅቡቲ ነበር። ወታደሮቹ ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተጭነው ሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዘው ፑሳን ደረሱ። ከዚያ በኋላ በየተራ የዘመቱት ተደምረው ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ያኔ ኮሪያ በጦርነት የፈረሰች፣ ሕዝቧም ጓዙን ተሸክሞ የሚሰደድባት አገር ነበረች። ዛሬ በድሮው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ባቡር አይነሳም፤ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ናጋድ ነው። እኛ ግን ያንን ጣቢያ ስናይ ስደተኛ የነበረ ሕዝብ ተመልሶ ሰው መሆኑን ብናስብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ድራማው ልግባ። ስሙ «ሲግናል» ይባላል፤ «ምልክት» እንደ ማለት ነው። ከጥር እስከ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ቲቪኤን በተባለው የኮሪያ ጣቢያ የታየ ባለ 16 ክፍል ተከታታይ ሲሆን፣ ደራሲዋ ኪም ኡን ሂ የምትባል ሴት ናት። በሙቀቱ ወራት ትምህርት ሲዘጋ ከካምፑ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ ባልባላ ውስጥ ከአገር ልጆች ጋር ሰንብቼ ነበር። አንደኛው ልጅ ድራማውን በፍላሽ አምጥቶ በላፕቶፕ ማታ ማታ እናየው ጀመር። ተዋንያኑ የሚናገሩት በኮሪያ ቋንቋ፣ ከግርጌ የተጻፈው በፈረንሳይኛ፣ እኔ ደግሞ እያነበብኩ በአማርኛ የምናገር ነበርኩ። ካምሲን የሚባለው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጨው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም በጨለማ ተቀምጠን «ወንጀለኛው እገሌ ነው» «የለም፣ እገሊት ናት» እያልን እንከራከራለን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት መርማሪ ባትሪ የሌለው አሮጌ ዎኪ ቶኪ ያገኛል። ማታ ከአምስት ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሲሆን ዎኪ ቶኪው ይነሳና ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ሌላ መርማሪ ያናግረዋል። ሁለቱ እየተነጋገሩ ሳይፈቱ የቀሩ የወንጀል መዝገቦችን ይመረምራሉ። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ትጠለፋለች። ፖሊስ የሚፈልገው ወንድ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ግን የክፍል ጓደኛውን ይዛ የሄደችው ሴት መሆኗን በዓይኑ አይቷል። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ሊናገር ይሞክራል፤ ከትልልቆቹ መካከል የሚሰማው አጣ። ያ ልጅ ነው አድጎ መርማሪ የሆነው። የልጅቱ እናት ደግሞ 15 ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች።

ይህን ሳይ የታወሰኝ የእኛው ካምፕ ነው። ውኃ መቅጃው ላይ ጀሪካን ሲጠፋ፣ ድንኳን ሲቀደድ፣ ጠብ ሲነሳ የምንጠይቀው ትልልቁን ሰው ነው። ልጅ «እኔ አይቻለሁ» ሲል «አንተ ዝም በል» ይባላል። ልጅ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያየውን ሳንጠይቀው እውነት ይሁን ውሸት በምን እናውቃለን?

ድራማው ልብ ወለድ ነው። ሆኖም ከተነሳባቸው ነገሮች አንዱ በእውን የተፈጸመ ነው። ከ1979 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በኮሪያ ሁዋሶንግ በሚባል የገጠር አካባቢ አሥር ሴቶች ተገድለዋል። ፖሊስ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ቢመረምርም ወንጀለኛው አልተገኘም። እውነተኛው ሰው በጊዜው ተጠርጥሮ ተጠይቆ ነበር፤ ነገር ግን ፖሊስ የሚፈልገው የደም ዓይነት ሌላ ስለነበረ ተለቀቀ። በኮሪያ ሕግ የግድያ ይርጋ ያኔ 15 ዓመት ስለነበር የመጨረሻው መዝገብ በ1998 ዓ.ም. ተዘጋ። ይርጋ ማለት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ወንጀለኛው ቢገኝም እንኳ አይከሰስም ማለት ነው። ኮሪያ የግድያን ይርጋ ያነሳችው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ያለፈውን መዝገብ ግን አልከፈተም።

ድራማው ከታየ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም.፣ ሰውየው ታወቀ። በሌላ ግድያ ተፈርዶበት ከ1980ዎቹ ጀምሮ እስር ቤት ተቀምጦ የነበረ እስረኛ ነበር። ያጋለጠው ዎኪ ቶኪ ሳይሆን፣ ለ30 ዓመት ያህል በመጋዘን ተጠብቆ የቆየ ልብስና በላዩ የተገኘ ዲ.ኤን.ኤ. ነው።

ከዚህ በላይ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ከአሥሩ ግድያዎች ለአንዱ፣ ለስምንተኛው፣ አንድ የ22 ዓመት ወጣት በ1981 ዓ.ም. ተይዞ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር። በልጅነቱ በፖሊዮ ታሞ እግሩ የሚያነክስ፣ ብዙም ያልተማረ ድሃ ነበር። እንቅልፍ ከልክለው ሲደበድቡት «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። 20 ዓመት ገደማ ታስሮ ወጣ። ነፃ መሆኑን ፍርድ ቤት ያረጋገጠለት በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ዕድሜው ከ50 አልፎ ነበር። ፍርድ ቤቱም ቃሉ በግፍ የተወሰደ መሆኑን ተናገረ፤ ከፀጉር ላይ ተገኘ የተባለው የላቦራቶሪ ማስረጃም ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ይህን ለአገር ልጆች ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ተገርፎ ያላደረገውን «አድርጌአለሁ» ያለ ሰው ታሪክ በመካከላችን አዲስ አይደለምና። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 28 ሰውን በግዳጅ መሰወርና ኢሰብዓዊ ድብደባ በይርጋ እንደማይታገድ ደንግጓል። ይህ አንቀጽ በተግባር እንዲውል ግን ማን ምን እንዳየ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል።

በድሮ ጊዜ በአገራችን «ሌባ ሻይ» የሚባል ነበር። ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። «አውጫጭኝ» የሚባልም ነበር፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አይለቀቅም። አውጫጭኙ ቢያንስ ሰውን አንድ በአንድ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌባ ሻይ ግን ማንንም አይጠይቅም። ዛሬ ሌባ ሻይ ቀርቷል ብንልም፣ ወሬ የወደቀበት ቤት ሁሉ ጥፋተኛ የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አብራን ድራማውን የምታይ አንዲት እህት ነበረች። ስሟን አልጠቅስም። ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ ትመጣለች። ታናሽ ወንድሟ ከሦስት ዓመት በፊት በኦቦክ በኩል ወደ የመን ለመሻገር ተነስቶ ድምፁ ጠፍቷል። ያ መንገድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ብቻ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ጎዶሪያ አጠገብ ከየመን የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በርካታ ወገኖቻችን አልቀዋል። እሷም አንዱ «ሳዑዲ ታስሯል» ሲላት፣ ሌላው «ባሕር ወስዶታል» ሲላት፣ ሦስተኛው ደግሞ «ገንዘብ ብትልኪ አገናኝሻለሁ» ሲላት ኖራለች። ገንዘቡንም ሰጥታለች።

አንድ ማታ የልጅቱን እናት እያየች ሳለ «መምህር፣ የእኔ ወንድም መዝገብ የት ነው ያለው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማንም መዝገብ አልከፈተለትምና። በማግሥቱ ደብተር አውጥተን ገጹን በሦስት ከፈልነው። በአንዱ «ያየሁት»፣ በሁለተኛው «የሰማሁት»፣ በሦስተኛው «የገመትሁት» ብለን ጻፍን። ያየችው ጥቂት ነበር፤ የተለየችበት ቀን፣ የለበሰው ልብስ፣ ክንዱ ላይ ያለው የቃጠሎ ጠባሳ። በገዛ ጆሮዋ የሰማችው ደግሞ ከኦቦክ የደወለላት የመጨረሻ ቃል ነው። ከዚያ የቀረው ሁሉ የሰሚ ሰሚ ሆነ። እያንዳንዱን ወሬ «ይህን ማን ነገረሽ? እሱስ ከማን ሰማ?» እያልን ወደ ኋላ ስንከተለው፣ «ታስሯል» የሚለውም «ገንዘብ ላኪ» የሚለውም ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ምስክር የመሰላት ሁለት ብቻ ነበር፤ «ባሕር ወስዶታል» ያለውም ቢሆን በዓይኑ አላየም።

ወረቀቱን በንጹሕ ገልብጠን ወደ ቀይ ጨረቃ ይዛ ሄደች። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ ሥራ አላቸው፤ ገንዘብም አይጠየቅበትም። እስከ አሁን መልስ አልመጣም። ወንድሟም በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም። ሆኖም አሁን ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የተለየበት ቀንና ምልክቱ የተጻፈበት መዝገብ አለው። ለደላላም ከዚያ ወዲህ ገንዘብ አልሰጠችም።

እንግዲህ ለወላጆች የምመልሰው ይኸው ነው። ድራማው የሚያስፈራና ደም የሚታይበት ቦታ ስላለው ለትንንሾች አይሆንም። ለትልልቆቹ ግን አብራችሁ ብታዩትና እያቆማችሁ «ይህን በምን አወቅህ?» ብትሏቸው ከብዙ ስብከት ይበልጣል። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በሁዋሶንግ እውነቱ እያደር የጠራው አንድ ሰው ያንን ልብስ ሳይጥል ስላስቀመጠው ነው። ቢጥለው ኖሮ 30 ዓመት አይደለም 100 ዓመት ቢያድር አይጠራም ነበር። እኛ ወደ ኋላ የምንናገርበት ዎኪ ቶኪ የለንም፤ ያለን እርሳስና ደብተር ነው።

ስለዚህ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላላችሁ ተማሪዎች አንድ ሥራ ሰጥቻለሁ። ከእናት ከአባታችሁ ወይም ከአሳዳጊያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ፣ የተለያችኋቸውን ዘመዶች ስም እስከ አያት ድረስ፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የተለያችሁበትን ቀንና ቦታ፣ የሚታወቁበትን ምልክት ጻፉ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን አትቀላቅሉ። ወላጅ መናገር የከበደው እንደሆነ አታስጨንቁት፤ ሌላ ቀን ይሁን። የጻፋችሁትን ለእኔ ማሳየት አያስፈልግም፤ ለማታውቁት ሰውም አትስጡ። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ቤታችሁ አስቀምጡት።

ቸር ወሬ ያሰማን።