የዶና ፍሎር ከል

የብራዚላዊውን ደራሲ የዦርዤ አማዶን «ዶና ፍሎርና ሁለቱ ባሎቿ» ያነበብሁት ከል ለብሼ ነው፡፡ ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖት ነበር፡፡ መጽሐፉን ያዋሰችኝ ጓደኛዬ «ያስቅሻል» ብላኛለች፤ እርግጥም አስቆኛል፡፡ ከሣቁ በታች ግን ማንም ያልጠየቀኝን፣ እኔም ለነፍስ አባቴ ያልተነፈስሁትን ነገር አገኘሁ...

እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው ይህ ልቦለድ ታሪኩ የሚፈጸመው በባህያዋ ከተማ በሳልቫዶር ነው፡፡ ቁማርተኛውና ሴት አውሉ ቫዲንዮ በካርኒቫል ቀን ሲጨፍር ወድቆ ይሞታል፡፡ የምግብ አሠራር እያስተማረች የምትተዳደረው ፍሎር ከል ትለብሳለች፡፡ ቀን ጨዋ መበለት ናት፤ ሌሊት ግን ሥጋዋ አያስተኛትም፡፡ ቆይታ መድኃኒት ቀማሚውን ዶክተር ቴኦዶሮን ታገባለች፡፡ ደግ፣ ታማኝ፣ ሥርዓት አክባሪ ሰው ነው፤ ለአልጋ እንኳ ቀን ቆርጦለታል፤ ረቡዕና ቅዳሜ፡፡ (ረቡዕን ስጾም ላደግሁት ለእኔ ይህ እጥፍ ሣቅ ነበር፡፡)

አንድ ሌሊት ሙቱ ባሏ እርቃኑን ይመጣል፤ ለእርሷ ብቻ ይታያል፡፡ ፍሎር ክብሯን ለማዳን በካንዶምብሌ ሥርዓት ወደ ሙታን እንዲመልሱላት ትጠይቃለች፡፡ ካንዶምብሌ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት የተሻገሩት፣ በካቶሊክ ቅዱሳን ስም ተሸሽጎ የኖረ እምነት ነው፡፡ በዚያ እምነት መለኮት የሚወርደው በሚጨፍር ገላ ላይ ነው፤ ሥጋ የጸሎት እንቅፋት ሳይሆን የጸሎት ስፍራ ነው፡፡ አማዶ ይህን እምነት ከሩቅ አላየውም፡፡ ፖሊስ የካንዶምብሌን ቤቶች ያሳድድ በነበረበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባል ሆኖ የአምልኮ ነጻነት እንዲደነገግ ያቀረበው እርሱ ነበር፡፡

ሥርዓቱ ሊሠምር ሲል ግን ቫዲንዮን የሚያስቀረው የፍሎር የራሷ ጩኸት ነው፡፡ እንዲሄድ የለመነችው እርሷ፣ እንዳይሄድ የጠራችውም እርሷ! በመጨረሻ እሑድ ጠዋት በሁለቱ መካከል ሆና በአደባባይ ትሄዳለች፤ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ግን አንዱን ብቻ ነው፡፡

ቅሬታ የለኝም አልልም፡፡ አማዶ ወንድ ነው፡፡ ቫዲንዮ ገንዘቧን የነጠቀና የመታት ሰው ሆኖ ሳለ፣ ደራሲው በሣቅ ያልፈዋል፡፡ የሴት ደስታ ከበዳይዋ እጅ ብቻ የሚገኝ አስመስሎ መጻፉን አልቀበልም፡፡ የእኔ ሟች እንደ ቫዲንዮ አልነበረም፤ እንደ ቴኦዶሮም አልነበረም፡፡ ምናልባት ሁለቱንም በአንድ ገላ ያገኘሁ ሴት ነበርሁ፤ ያጣሁትም ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው፡፡

ሙት ዓመቱ ሲወጣ ከሌን አወለቅሁ፡፡ በዚያው ሰሞን ነፍስ አባቴ ሲመጡ፣ ናፍቆቴን በስሙ ጠርቼ ነገርኋቸው፡፡ አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ቆዩና «ይህ ኃጢአት አይደለም ልጄ፤ ኀዘን ነው» አሉኝ፡፡

ግማሹን አግኝተውታል፡፡