ወህኒ ያገናኛቸው

እስረኛ ክፍሉን የሚጋራውን ሰው አይመርጥም። የማያውቀውን ሰው ትንፋሽ እየሰማ ያድራል፤ ምግቡንም ሥጋቱንም ከእርሱ ጋር ይካፈላል። ታዲያ ይህ ሰው ሸክም ይሆንበታልን ወይስ መጽናኛ?

በደርግ ዘመን (1966–1983 ዓ.ም.) ታስሮ የነበረው ደራሲ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ተረጎመ፤ አብረውት ለታሰሩትም አነበበላቸው። ቁርጥራጮቹ 3,000 ያህል ደረሱ። ከእስር የሚፈቱ ጓደኞቹም በየጊዜው እየደበቁ አወጡለት። ከመካከላቸው አንዱ ቢያጋልጠው ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታተመ።

ወህኒ ቤት ጓደኛ አያስመርጥም፤ ለጎረቤት ታማኝ መሆንን ግን ሊከለክል አይችልም።