«ፓርቲዬን ነው የማምነው»

ሰሞኑን አሶሳ ቡና ላይ አንድ የቀድሞ ካድሬ አገኘሁ። በኢሕአዴግ ዘመን አብዮታዊ ዴሞክራሲ ሲያሠለጥኑን «ኒዮሊበራል» ትልቁ ስድባቸው ነበር። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ውህደቱ ጸድቆ ብልጽግና ሲመጣ የመደመር አሠልጣኝ ሆነው አረፉት።

«ጋሼ፣ ከሁለቱ የትኛውን ነበር የሚያምኑበት?»

«ፓርቲዬን» አሉኝ፣ ምንም ሳይከብዳቸው።

መፍረድ ቸገረኝ። የክልላችን ፓርቲ ያኔ «አጋር» ነበር፤ ግንባሩ ሲወስን ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለው በምን ይታወቅ? በታማኝነት። ውህደቱ ያንን አጥር ማፍረሱን አልክድም።

አሜሪካም ብንሄድ ሊዝ ቼኒ ወግ አጥባቂ ለመሆኗ የድምፅ መዝገቧ ምስክር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከትራምፕ አቋም ጋር ነበረች። የ2020ው ምርጫ አልተሰረቀም በማለቷ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከፓርቲዋ የምክር ቤት አመራርነት ወረደች። እዚያ ግን መለኪያው ከሰውየው በፊት ስለነበረ ቢያንስ ክርክር ተነሣ። እኛ ጋ መለኪያው ራሱ ከሥልጠና ሰነዱ ጋር ይቀየራል፤ ማን በምን ይከራከር?

እኔም ብሆን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለሥራ ይጠቅመኛል ብዬ የአባልነት ቅጽ ሞልቻለሁ። ፕሮግራሙን ገልጬው አላውቅም። ጋሼ እንኳ አንብበውታል።