ቀብድ የማይቀበል ሻጭ

ልጆቻችን አሜሪካ ያሉ ወላጆች «መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውረኝ ነው» የሚል ስልክ ሲደወልልን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ደመወዙ ነው። ቀጥለን ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንጠይቃለን። «ቤታችሁስ?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ይመጣል። እዚያ አገር ግን ቤት ማለት ገና ብዙ ዓመት የሚከፈል የባንክ ዕዳ ያለበት፣ ቤተሰቡ ያጠራቀመው ጥሪት ሁሉ የገባበት ነገር ነው። የልጄ መሥሪያ ቤት ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ሲያዛውራት እኔ አራስ ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ስለነበርኩ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅርብ አየሁት። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

እኔ በነርስነት ሳገለግል ሁለት ጊዜ ተዛውሬያለሁ። ደብዳቤው ይደርሰኛል፣ ዕቃዬን በጭነት መኪና አስጭኜ እሄዳለሁ። የምሸጠው ቤት ስላልነበረኝ በዚያው አለቀ። በአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛ ሲያዛውሩ ግን ጣጣውን ራሳቸው አይዙትም። ሪሎኬሽን ካምፓኒ ለሚባል ድርጅት ይሰጡታል። እኔ አዛዋሪ ኩባንያ ልበለው። አዛዋሪው ዕቃ የሚያሽጉትንና የሚጭኑትን ሰዎች ይልካል፣ አዲሱ ከተማ ላይ ለ30 ወይም ለ60 ቀን የሚያርፉበት ቤት ይከራያል፣ የድሮውን ቤት ያሸጣል፣ አዲሱን ያፈላልጋል። ለልጄ የተመደበችላት አስተባባሪ በስልክ ብቻ የምናውቃት ትሁት ሴት ነበረች። ትሕትናዋ እውነተኛ ነው። ቢሆንም ለኩባንያዋ የሚከፍለው የልጄ አሠሪ ነው። ኩባንያው ጠላት አይደለም፣ ዘመድም አይደለም። የሚሠራው አሠሪው በጻፈው መመሪያ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ያወቀ ቤተሰብ ብዙ ቅሬታ ይቀርለታል።

የመጀመሪያው ደንብ አስተባባሪዋን ሳያናግሩ የቤት ሽያጭ ኤጀንት አለመጥራት ነው። ምክንያቱም ኤጀንቱ ከሚያገኘው ኮሚሽን ላይ ለአዛዋሪው ኩባንያ ድርሻ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ ከኮሚሽኑ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሠራተኛው ቀድሞ ከራሱ ኤጀንት ጋር ከተፈራረመ አሠሪው የሽያጩን ወጪ አልሸፍንም ሊል ይችላል። ልጄ ከዚህ በፊት ቤቱን ያገዛቻትን ሐበሻ ኤጀንት ትፈልግ ነበር። ስሟን ለአስተባባሪዋ ሰጠች፣ ኤጀንቷም ድርሻውን ለመክፈል ተስማማችና ተፈቀደላት። በሽያጭ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፤ ቤቱን አዛዋሪው ኩባንያ ራሱ ከገዛው ልጄ ለኤጀንቷ ኮሚሽን የመክፈል ግዴታ የለባትም የሚል። ያለዚህ ዓረፍተ ነገር መፈረም አይፈቀድም።

ጭቅጭቁ የመጣው በሁለተኛው ደንብ ነው።

የትልቁ የልጅ ልጄ የክርስትና አባት በዚያው በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በኪራይ ይኖራል። ቤቱን ሲያውቀው ዓመታት ሆኖታል። ሊሸጥ መሆኑን እንደሰማ በዋጋው ሳይከራከር ልግዛው አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 20 ሺህ ዶላር ቼክ ጽፎ መጣ። ልጄ ቼኩን አልነካችውም።

«እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ» አለኝ። «አበልጄን ቤትሽን ልግዛ ብዬ ቀብድ ባመጣ እጇን ሰበሰበች። እኔን ሳታምን ማንን ልታምን ነው?»

ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እማዬ፣ ይህን ቼክ ከተቀበልኩ ቤቱን ለእሱ የሸጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች።

«ታዲያ የአንቺ ቤት አይደል? ማን ሊሸጠው ነው?» አልኳት።

ጥያቄዬ የአገራችን ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። በእኛ ዘንድ ቀብድ የቃል ማሰሪያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በዋዛ አያየውም። በሌላ መልክ ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ አልቀበልም ያለ ሻጭ ሐሳቡን የቀየረ ወይም የተሻለ ገዢ ያገኘ ይመስላል። አበልጃቸውም የተረዳው እንደዚያ ነው።

ማታ ሕፃኑ ከተኛ በኋላ አማቼ መመሪያውን አንብቦ አስረዳኝ። ቤቱ የሚሸጠው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ልጄ ለአዛዋሪው ኩባንያ ትሸጣለች። ቀጥሎ ኩባንያው ለገዢው ይሸጣል። ዋጋው የሚቆረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ገዢ ባይገኝም ቤቱን እንገዛለን ይላሉ። ለዚህ ሁለት ገለልተኛ ገማቾች ይልካሉ፣ የሁለቱ አማካይ ዋጋው ይሆናል፣ ግምቶቹ በጣም ከተራራቁ ሦስተኛ ገማች ይጨመራል። የልጄ አሠሪ የመረጠው ግን ሌላውን መንገድ ነው። ቤቱ ገበያ ላይ ይወጣል፣ እውነተኛ ገዢ ዋጋ ሲያቀርብ አዛዋሪው ኩባንያ በዚያው ዋጋ ከሠራተኛዋ ይገዛል፣ ከዚያ ለገዢው ይሸጥለታል። ስለዚህ የገዢውን የዋጋ ማቅረቢያ ልጄ አትፈርምበትም፣ ቀብድም አትቀበልም። ሁለቱም የኩባንያው ድርሻ ናቸው።

ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ? መልሱ ግብር ነው። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ውሳኔ ሠራተኛው ከገዢው ጋር ራሱ ከተዋዋለና አዛዋሪው ኋላ ከገባ የተካሄደው አንድ ሽያጭ ብቻ ነው ብሏል። ያን ጊዜ አሠሪው የከፈለለት ኮሚሽንና ሌላ የሽያጭ ወጪ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ ግብር ይከፈልበታል። ለምሳሌ 500 ሺህ ዶላር በሚሸጥ ቤት ላይ ኮሚሽኑ 5 በመቶ ቢሆን 25 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ በዓመቱ ደመወዝ ላይ ሲደመር አስቡት። በአንድ ቼክና በአንድ ፊርማ ምክንያት አሠሪው ፕሮግራሙን ሰርዞ ወጪውን ሁሉ ለሠራተኛው ሊተውም ይችላል። ለአራስ ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

በማግስቱ አበልጃቸውን ቡና ጠርቼ ነገሩን ነገርኩት። «አንተን አላመነችም ማለት አይደለም። ቼኩ ወደ ሌላ እጅ መሄድ ስላለበት ነው» አልኩት። ለጊዜው ፊቱ አልፈታም። ኋላ ግን የራሱን ኤጀንት ይዞ፣ ከባንክ የብድር ማረጋገጫ አስጽፎ፣ ዋጋውን በደንቡ መሠረት አቀረበ። ኩባንያው መረመረው፣ ከልጄ ገዛ፣ ልጄ ከባንክ ዕዳዋ የተረፈውን ገንዘብ አገኘች። ከዚያ በኋላ የሰውዬው ብድር ባንኩ ጋ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሳምንታት አለፉ። በቀጥታ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ የልጄ ቤተሰብ ቴክሳስ ገብቶ የሁለት ቤት ወጪ ይሸከም ነበር፤ አበልጆቹም በገንዘብ ይጣሉ ነበር። ቤቱ በዚያ ጊዜ የኩባንያው ስለነበር መዘግየቱ የኩባንያው ራስ ምታት ሆነ። ብድሩ ዘግይቶም ቢሆን ተፈቀደ፤ እሱም ቤቱን ገዛ። ዛሬ ተጠያይቀው ይኖራሉ።

ስለ ጤናም ልጨምር፤ ይህ ሙያዬ ነው። ሻጭ የቤቱን ጉድለት የሚገልጽበት ቅጽ አለ። አዛዋሪው ኩባንያ በቤቱ አንድ ቀን አላደረበትም፤ የሚያውቀው ሠራተኛው የጻፈለትንና ምርመራ ያሳየውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም መጻፍ ያስፈልጋል። አማቼ ከሁለት ዓመት በፊት በከባድ ዝናብ ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት እንደነበር ጻፈ። የተደበቀ ነገር ኋላ ሲገለጥ ተጠያቂው ሠራተኛው ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ስለነበር የእርሳስ ቀለም ጉዳይም ነበረበት። አሜሪካ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስን የከለከለችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን እንዲናገር ሕጉ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ለማስመርመር 10 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። የሚዳኽ ሕፃን ከመስኮት ደፍ የተራገፈ አቧራ በእጁ ወደ አፉ ይወስዳል፣ እርሳስ ደግሞ የአንጎልን ዕድገት ይጎዳል። ሌላው ሬዶን ነው፤ ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ። በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቤት ከመሸጡ በፊት እንዲለካ ያዝዛል። መጠኑ በአንድ ሊትር 4 ፒኮኪዩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ እንዲስተካከል ይመከራል፤ ማስተካከያው ጋዙን ከቤቱ ሥር ስቦ በጣሪያ የሚያስወጣ ቱቦና ማራገቢያ ነው።

ዳላስ ስንደርስ ደግሞ ወንበሩ ተገለበጠ፤ አሁን ገዢዎቹ እኛ ሆንን። ከታዩት ቤቶች አንዱን የሚሸጠው ሌላ አዛዋሪ ኩባንያ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት አንድ በጎ ነገር አለው፤ ምርመራው ቀድሞ ተሠርቶ ወረቀቱ ይሰጣል። ጉድለቱ ደግሞ ሻጩን «ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈስሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለመቻሉ ነው። ኩባንያው ከራሱ ተጨማሪ ውል ጋር «ባለበት ሁኔታ ነው የምሸጠው» ይላል። የዳላስ አካባቢ አፈር ሸክላ ነው፤ ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ የቤቱን መሠረት ያናጋል። ስለዚህ ልጆቹ የኩባንያውን ወረቀት ተቀብለውም የራሳቸውን መርማሪ ከፍለው አስገቡ። ሌላው ያየነው ነገር ቴክሳስ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ባይኖራትም በየዓመቱ የሚከፈለው የቤት ግብሯ ከባድ መሆኑ ነው። የቤቱን ዋጋ ብቻ አይቶ ረከሰ ማለት ያሳስታል።

ሁለት የገንዘብ ጉዳዮች ቀሩኝ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሠሪ ለዕቃ ማጓጓዣና ለጉዞ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ከወታደሮችና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር፣ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ብዙ አሠሪዎች ግብሩንም ጨምረው ይከፍሉታል፤ የማይከፍሉም አሉ። መጠየቅ ያለበት ዝውውሩን እሺ ከማለት በፊት ነው። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራውን ከለቀቀ ያወጣነውን መልስ የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። ይህ እኛን ወላጆችንም ይመለከታል። ልጃችን በተዛወረ በስምንተኛው ወር «አገርህ ግባ፣ እዚህ ሥራ አግኝተንልሃል» ስንል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ልናሸክመው እንችላለን።

ስለ ዕቃውም ላስታውስ። አሻጊዎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ያገኙትን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። እኔ ከመምጣታቸው በፊት የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የየቀኑን መድኃኒትና የራሴን የደም ግፊት ኪኒን በአንድ የእጅ ቦርሳ አደረግሁ። የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች ያለ ክትባት ማስረጃ ልጅ ለመመዝገብ ያስቸግራሉ፤ ካርቶኑ ደግሞ ከእኛ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የተከፈተ ምግብና የሚበላሽ ነገር ስለማይጭኑም የእንጀራውን ርሾ ጥለን ዳላስ ላይ አዲስ ጣልን።

ከሩቅ ሆነን የምንረዳው እንዴት ነው? ገዢ አገኘሁላችሁ፣ ዘመድ አለን፣ ቶሎ ጨርሱ ማለት እንደ እርዳታ ይመስላል። እዚያ ግን የሚጎዳው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ጥድፊያ ነው። አጠገባቸው ካለን ሕፃኑን ተቀብለን ወረቀቱን እንዲያነቡ ጊዜ እንስጣቸው። በስልክ ከሆንን ደግሞ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው፤ አስተባባሪዋን ሳታናግሩ የፈረማችሁት ነገር አለ? ግብሩን ማን ይከፍላል? ብትለቁ ስንት ትመልሳላችሁ? ከዘመድ ወዳጅ ጋር ቅሬታ ከተነሳ ደግሞ ስልኩን ለእኛ ይስጡን። ያንን ማብረድ እናውቅበታለን።